የሰይፈ ሚካኤል ጥርስ

ወላሂ ፈጥሬው አይደለም። የማይመስለው ካለ ድሬ ይምጣና ጉሌድን ይጠይቅ። እስካሁን ያልተናገርኩት አፍሬ ነው።

ሐሙስ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቀፊራ ገበያው ጭር ብሏል፣ ሰዉ በርጫ ላይ ነው፣ ጫቱን ይቅማል። ማተሚያ ሱቁ ውስጥ ያለነው እኔና ጓደኛዬ ጉሌድ ብቻ ነን።

ትምህርቱን ከስድስተኛ ነው የተውኩት። ግን ደረት ላይ የሚደረግ የፎቶ ባጅ ስራ በሉኝ... ማንም አይደርስብኝም።

ጠዋት እትዬ ሰርካዲስ ጥቁር ለብሰው መጥተው ነበር። የልጃቸው የሰይፈ ሚካኤል አርባ ቅዳሜ ነው። ስልሳ ባጅ አዘዙኝ። ጉርድ ፎቶውን ስካን አድርጌ መለስኩላቸው።

"ሌላ ፎቶ የለውም ልጄ። አደራ፣ እንዳታበላሽብኝ።"

"ሐሳብ አይግባዎት እትዬ!" አልኩ።

ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን የባጁ ክብ ውስጥ አስገባሁ። ዙሪያውን ወደ ኋላ የሚታጠፍ ትርፍ ተውኩ። ልጁ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ኮስተር ብሏል...

ቀልድ አማረኝ።

ከጉሌድ ጋር ስንገለፍጥ ከተነሳነው ሰልፊ ላይ የራሴን ጥርስ ቆርጬ አፉ ላይ ለጠፍኩለት።

"ጉሌድ፣ ና እየው አቦ!"

አየና ፊቱ ተለወጠ። "ዋሪያ! የሞተ ሰው ነው እኮ።"

"ቀልድ ነው አቦ..."

"አጥፋው አልኩህ።"

እየሳቅኩ አጠፋሁት። ዋናውን ፎቶ መለስኩ። ሁለታችንም አይተናል፣ አፉ ዝግ ነው። አተምኩ። ወረቀቱም ላይ ዝግ።

ክቡን ቆረጥኩ፣ ቆርቆሮው ላይ አደረግኩ፣ ላስቲኩን ደርቤ ማሽኑን ተጫንኩት። ቋ!

አወጣሁት...

ይስቃል።

"ከሪም..." አለ ጉሌድ በሹክሹክታ። "አላጠፋኸውም?"

"አጥፍቻለሁ። አይተህ የለ?"

ሌላ ወረቀት አነሳሁ። ዝግ ነው። ቋ!

ይስቃል።

አምስት ሰራሁ። አስር ሰራሁ። ወረቀቱ ላይ ዝግ... ከማሽኑ ሲወጣ ክፍት።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ጥርሱ የኔ ነው። ግን አንዱ የፊት ጥርስ ግማሹ የለም። የኔ ሙሉ ነው! እኔ አልሸረፍኩትም!

ደግሞ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጉም ለብሷል... ትንፋሽ እንደነካው መስታወት።

"ልጄ፣ ደረሰልኝ?"

እትዬ ሰርካዲስ በሩ ላይ ቆመዋል።

ልደብቀው ስል ከእጄ ወሰዱት። መሬቱ ቢከፈት በገባሁ።

አዩት። በአውራ ጣታቸው ጥርሱን ዳበሱት...

"ይቺን ጥርሱን ማን ነገረህ?"

"እ... እትዬ..."

"በልጅነቱ ሐዲዱ ላይ ወድቆ ነው የሸረፋት። እሷን ሲደብቅ ፎቶ ላይ ስቆ አያውቅም።" ባጁን ሳሙት። "አንዴ እንዲህ ሲስቅ ባየው እል ነበር። እግዜር ይስጥህ። ተባረክ።"

ግንባሬንም ሳሙኝ።

እኔ እኮ ላላግጥበት ነበር! "ይቅርታ" ልላቸው ፈልጌ አፌ አልከፈት አለኝ። ጉሌድ መሬት መሬት ያያል።

ስልሳውን ጨርሼ ሰጠኋቸው። ቅዳሜ ስልሳ ሰው ደረት ላይ ሲስቅ ዋለ። እኔ አልሄድኩም። በምን ፊቴ?

የዛን ቀን ያቺን ሰልፊ ላጠፋት ስልኬን ከፈትኩ።

ጉሌድ አንገቴን አቅፎ እንደ ድሮው በሳቅ ይፈነዳል።

አጠገቡ እኔ አለሁ... ከንፈሬን ግጥም አድርጌ፣ ኮስተር ብዬ።