የቆመውን አውቶቡስ ያለፈችው ሰማያዊ መኪና

ሃርላን ዮደር የልጅ ልጁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ፣ በአውቶቡሱ ፊት ዞሮ ወደ ቤቱ ሊሻገር ሲል መኪና ገጨው። አወዳደቁ ክፉ ነበርና ጭንቅላቱ ከአስፋልቱ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ሞተ። መርማሪ ዶሬታ ስትሩብል ስትደርስ አስከሬኑን ሸፍነውታል። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራት ሴት ናት። አስከሬን ማየት ሰልችቷታል፤ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆሞ የሚዋሽ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ሰልችቷታል።

በፔንሲልቬንያ ገጠር አውቶቡሱ ልጆች ሲያሳፍር ከጎኑ «ቁም» የሚል ቀይ ምልክት ይዘረጋል። ከሾፌሩ መስኮት በታች ያለው ካሜራ ምልክቱን ጥሶ የሚያልፈውን ሁሉ ይቀርጻል። ገጭታ የሄደችውን ሰማያዊ መኪና ከነታርጋዋ ይዟታል፤ ባለቤቷ ኢኒድ ትራስክ የተባሉ አሮጊት ናቸው። የነጂውን ፊት ግን የጠዋት ፀሐይ መስታወቱ ላይ አንጸባርቃ ጋርዳዋለች።

የአውቶቡሱ ሾፌር ሜርል ካፍማን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከኋላዬ እንደ ጥይት መጣች» አለ። «ምልክቱ ተዘርግቷል፣ ቀዩ መብራት በርቷል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ቆማ ነበር?»

«የት ቆማ? ፍጥነት እንኳ አልቀነሰችም።»

ዶሬታ ወደ ኢኒድ ቤት ሄደች። አሮጊቷ ከልጅ ልጃቸው ከቴሳ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። የቴሳ ዓይኖች አብጠዋል፤ ብቻዋን የምታሳድገው ሕፃን ጭኗ ላይ ተኝቷል።

«የነዳሁት እኔ ነኝ» አሉ ኢኒድ ገና ሳይጠየቁ። «አውቶቡሱን አላየሁትም። ውሰጂኝና እንገላገል።»

«ያንን የሚያክል ቢጫ አውቶቡስ?»

«ስታረጂ ታይዋለሽ።»

«እየደረስኩበት ነው» አለች ዶሬታ፤ ውሃም ለመነቻቸው። ኢኒድ ብርጭቆውን በሁለት መዳፎቻቸው አቅፈው አመጡላት። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ታጥፈው ቀርተዋል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት ቴሳን።

«አያቴ እንዳለችው ነው» አለች ቴሳ፤ ሕፃኑን ወደ ደረቷ እያስጠጋች። ቴሳ ብትታሰር ልጁን የሚያሳድግላት እንደሌለ ሦስቱም ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ዶሬታ ሜርልን፣ ኢኒድን፣ ቴሳንና የሟቹን ሚስት አልማን ቢሮዋ ሰበሰበቻቸው። የካሜራውን ምስል ከፈተችላቸው።

«ሜርል እንደ ጥይት መጣች ብሎኛል። ተመልከቱ፣ መኪናዋ እየተንፏቀቀች ነው። ቆማ የነበረች መኪና ነች። አሁን ደግሞ ከመሪው በላይ እዩልኝ፤ ሁለት ጣቶች ቀጥ ብለው ተነሱ። አልማ፣ እዚህ አገር ይህ ምንድን ነው?»

«ምስጋና ነዋ» አለች አልማ። «መንገድ ሲለቁልን እንደዚያ እናደርጋለን።»

«ኢኒድ፣ እባክዎ ሁለት ጣቶችዎን ቀጥ ያድርጉልኝ።»

ኢኒድ እጆቻቸውን ጠረጴዛው ሥር ደበቁ።

«ስለዚህ የነዳችው ቴሳ ናት። ሕግ ጥሶ የሚሾልክ ሰው ግን ማንንም አያመሰግንም። ያመሰገነችው እለፊ ያላትን ሰው ነው፤ ከፊቷ የነበረው ደግሞ አውቶቡሱ ብቻ ነው። ካሜራው ከመስኮቱ በታች ስለሆነ የሾፌሩን እጅ አያይም። ይህን አንተም ታውቃለህ፣ ሜርል።»

ሜርል አመነ።

«የሃርላን የልጅ ልጅ ተቀምጣ እንደሆነ በመስታወት እያየሁ ነበር። ሃርላን የተሻገረ መሰለኝ። ቴሳ ከኋላዬ ብዙ ቆመች ብዬ እጄን አውጥቼ እለፊ አልኳት። ምልክቱን ግን አላጠፍኩትም ነበር።»

ዶሬታ ወደ ቴሳ ዞረች። ደክሟት ነበር፤ ብታዝንላትም የምትሰጣት መልካም ዜና አልነበራትም።

«ሕጉ አንቺንም ይጠይቅሻል። ቀይ እያየሽ ለምን አለፍሽ?»

«በልጅነቴ የምሳፈረው የሚስተር ሜርልን አውቶቡስ ነበር» አለች ቴሳ። «እጃቸውን ሳያወዛውዙ እንዳንሻገር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ካወዛወዙ መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነበር። ዛሬም አልተጠራጠርኩም።»

አልማ ቀና ብላ ሾፌሩን አየችው።

«ሃርላንም እጅህን ሳያይ ተሻግሮ አያውቅም» አለችው። «አውቶቡሱ ፊት ቆሞ ይጠብቅህ ነበር። ለእሱ ያወዛወዝክለት መስሎት ነው።»

ሜርል ይህን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰበውም ነበር።