ጥላ የሞተችበት ግድግዳ

ሬሳው በመሰላሉ እግር ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል ነበር የተገኘው። በሕይወት ሳለም ያው ነበር። ለሲኒማ ቤት ፖስተር ሰቅሎ ሲመለስ ከዚሁ ግድግዳ ጋር ሲነጋገር ስለሚያመሽ፣ የሰፈሩ ሰው «ዳይሬክተሩ» እያለ ያሾፍበት ነበር። አሁን ማንም አላሾፈም።

«ከመሰላል ወደቀ፤ ጭንቅላቱን የስፌት መኪናው ብረት መታው፤ አለቀ» አለ ወፍራሙ ሳጅን። «ካልወደቀ ደግሞ እህቱ ናት። ጠዋት ‹ይሄን ግድግዳ አቃጥልልሃለሁ!› ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ልውሰዳት?»

«ካቴናህን አሳርፈው» አለች መርማሪዋ። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ስለቀጠነች ብቻ አይደለም፤ ስትናገርም ትወጋለች።

ግድግዳው ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ በየቁጥሩ ሥር በስፒል የተሰኩ ካርዶች አሉ። ልዕለ ጀግኖች በአንድ ታሪክ የሚገናኙባቸው ተከታታይ ፊልሞች ነበሩ፤ ሟቹ በልጅነቱ ያበደላቸው፣ ሲያድግ «ገደል ከተቱት!» ብሎ የተናደደባቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ እነሱን የሚተካ የራሱን እቅድ እዚህ ግድግዳ ላይ ሲሠራ ኖረ፦ አሥራ ሁለት ፊልም፤ ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ማን የት እንደሚሞት።

መርፌ መሰላሉ ላይ ወጣች። ካርዶቹ ሁሉ መሐል ላይ በአንድ ስፒል ብቻ ተሰክተዋል፤ ግን የእያንዳንዳቸው ሁለት ማዕዘን ላይ የቆየ ቀዳዳ አለ። «ጥላ» የተባለችው ጀግና ካርድ ሰባት ቁጥር ሥር ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር ሥር ደግሞ ልስኑ ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ይታያል፤ ከበታቹ ወለሉ ላይ ነጭ ብናኝ ፈሷል። ካርድ ግን የለም። ሁሉንም ፎቶ አነሳች፤ ከዚያ አንድ በአንድ ነቅላ ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ነበረች። እጇ ላይ ገና ክር ተጠምጥሟል።

«ጮኸሻል አሉ፣ እህቴ።»

«ጮኼያለሁ! የጥላን ታሪክ ሲያነብልኝ፣ ወንድሟን ልታድን ብላ ትሞታለች። ‹ምነው ሁልጊዜ ታላቅ እህት ናት የምትሞተው? አቃጥልልሃለሁ!› አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ መሰላሉን አስይዞኝ ካርዷን ወደ መጨረሻ ወሰዳት። ‹ይኸው፣ አንቺ አትሞቺም› አለኝ።» የእጇን ክር መፍታት ጀመረች። «ልብስ ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

ሬሳውን ያገኙት የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ባለፈው ሳምንት ከሥራ አባረውት ጸጽቷቸው ሊመልሱት መጥተው። ከዚያ በፊት ቤቱን ረግጠውት አያውቁም። ስልካቸውን ከፍተው የሟቹን ድምፅ አሰሟት፤ ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት በፊት የተላከ ነው። «ጋሼ፣ ጥላ አሥራ ሁለተኛው ላይ ትደርሳለች! በሕይወት!»

«ሰነፍ ነበር?»

«የሚያረፍድ እንጂ ሰነፍ አልነበረም። ሥራው እንከን የለውም። በአንድ ስፒል የተሰቀለ ወረቀት ሲያይ ያመው ነበር፤ ‹ይጠቀለላል› እያለ ሁለቱን ማዕዘን ይወጋል።»

መርፌ ሦስተኛ የጠየቀችው የሟቹን ጓደኛ ነው፤ ስለ ፊልም በኢንተርኔት የሚያወራ፣ ተከታዮቹ «ማይኩ» የሚሉት። ነገ አንድ የፊልም ድርጅት ስለ እቅዱ ሊያነጋግረው ቀጥሮታል።

«ስለ ማን እቅድ?» አለች መርፌ።

«አብረን ነው የሠራነው። ግን ሁለት ሳምንት ሆኖኛል እዚህ ቤት ከመጣሁ። ድሮ ፎቶ አንስቼው ስለነበር ከዚያ ነው የማወራው።»

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ራቁቱን ቀርቷል። መርፌ የጥላን ካርድ አነሳች።

«ይህች የት ነው የምትሰቀለው?»

«መጨረሻው ላይ» አለች እህቱ።

«አሥራ ሁለተኛው ላይ፤ እሱ ነው የነገረኝ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ማይኩ ፈገግ አለ። «ኧረ ተሳስታችኋል! ጥላ ሰባተኛው ላይ ትሞታለች። የእቅዱ ልብ እኮ እሱ ነው!»

«እኔም ስደርስ ሰባተኛው ላይ ነበረች» አለች መርፌ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ግን እሷን እዚያ የሰቀላት ሟቹ አይደለም። እሱ በሁለት ስፒል ነው የሚሰቅለው፤ እነዚህ በአንድ ነው የተሰቀሉት፣ ሁሉም። ስለዚህ ካርዶቹ ወርደው ነበር፤ ሌላ ሰው ቸኩሎ መለሳቸው። ማን? እህቱ ብትሆን በገዛ ጩኸቷ ወደ መጨረሻ ያስወሰደቻትን ጥላ መልሳ አትገድላትም። ጋሼም የሚያውቁት አሥራ ሁለትን ብቻ ነው። የድሮውን ቦታ ብቻ የሚያውቅ፣ ስልኩን እያየ ካርድ በካርድ የሚደረድር አንድ ሰው ነው የቀረን።»

ሳጅኑ ወደ በሩ ተጠጋ።

«መግደል አልፈለግኩም» አለ ማይኩ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «‹ስሜን ጥራና ነገ አብረን እንሂድ› ሲለኝ እንቢ አልኩት። ‹እንግዲያው ይዤያቸው ብቻዬን እሄዳለሁ› ብሎ መንቀል ጀመረ። መሰላሉን ገፋሁት። ተበታትነው ቢገኙ ጠብ እንደነበረ ይታወቃል ብዬ መለስኳቸው...»

«ቀና ብለህ ብታይ ኖሮ አዲሱን ቀዳዳ ታየው ነበር» አለች መርፌ። «አንተ ግን ያየኸው ስልክህን ነው።»

የካቴናው ድምፅ ደረጃውን ይዞ ወረደ።

እህቱ ካርዱን ከመርፌ እጅ ተቀበለች። ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ሁለት ስፒል አውጥታ መሰላሉን ወጣች። መርፌ ሳትጠየቅ መሰላሉን ያዘችላት። አሥራ ሁለት ቁጥር ሥር፣ ወንድሟ በወጋቸው ቀዳዳዎች፣ አንዱን ማዕዘን ሰካች፤ ከዚያ ሌላውን። ከቁጥሩ በላይ ግድግዳው ያልቃል።

«እኔን አዳነኝ» አለች፣ ዞር ሳትል። «እሱን የት ልስቀለው?»