ክንድሽን ከፍ አድርጊው

«የወላጆች ቀን ተሰርዟል» አለች ነጎድጓድ፣ የጫማዋን ማሰሪያ እየነካካች።

እናቷ ለዚያው ቀን የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመች። «ምነው?»

«እንጃ። አዳራሹ ይጠገናል ተባለ።»

«እሺ» አለች እናቷ፤ ቀሚሱንም ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰችው። ልብስ ሰፊው አባቷ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ልጁን ከመነጽሩ በላይ አያት።

ነጎድጓድ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። በትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ የምትመታው እሷ ስለሆነች ጓደኞቿ ናቸው እንዲህ ያሏት። ከበሮው ከፊት ሲታይ ይሸፍናትና ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ስሟ ትኮራለች። በእናቷ ደግሞ ከዚያም በላይ ትኮራለች። እናቷ ሃምሳ አለቃ ናት፤ ጦር ሜዳ ድረስ ከባድ መኪና እየነዳች ቁስለኛ ስታወጣ ከርማ ነው የተመለሰችው።

የእናቷ ችግር ድምፅ ነው፣ ድንገተኛ ድምፅ። እሷ ከተመለሰች ወዲህ አባቷ ከስፌት መኪናው ሥር ብርድ ልብስ አጥፎ አንጥፏል፤ የቤቱ በሮች ሁሉ በቀስታ ይዘጋሉ። ባለፈው ወር እናትና ልጅ ከትምህርት ቤት አብረው ሲመለሱ አንድ የብረት በር ዷ ብሎ ተዘጋ። እናቷ በቅጽበት ነጎድጓድን አስፋልቱ ላይ አስተኝታ ከላይዋ ተኛችባት። የክፍሏ ልጆች ከማዶ ሆነው ሳቁ። ነጎድጓድ ያን ሳቅ አልረሳችውም። ከዚያ ወዲህ የምትመኘው ማንም በእናቷ ላይ ዳግመኛ እንዳይስቅ ብቻ ነው።

ነጎድጓድ «ተሰርዟል» ባለች ማግስት እናቷ ወደ ልጇ መኝታ ክፍል ገባች። ተተኩሶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ አባቷ የሰፋላትን የባንድ ጃኬት ነካ ነካ አደረገች።

«አንቺ፣ ለተሰረዘ ነገር ጃኬት መተኮስ የተጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ነጎድጓድ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መዋሸቷን አምና ሁሉንም ዘረገፈችው። «እንዲስቁብሽ አልፈልግም እማ! ከበሮው እኮ በጣም ይጮኻል።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔን ከሰው ልትደብቂኝ ነዋ።» ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ እንጂ ቁጣ አልነበረም፤ ቅሬታው ደግሞ ከቁጣ ይብስ ነበር። «ስሚኝ የኔ ልጅ። እዚያ እያለሁ አንቺን ከበሮ ስትመቺ ማየት ነበር ሕልሜ። አሁንም ከምታክመኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የምናወራው ስለዚሁ ነው። እኔን የሚጥለኝ ድንገት የሚመጣው ድምፅ ነው። ሲመጣ የማየውን እችለዋለሁ። የአዳራሹ በር አጠገብ እቆማለሁ፤ ካልቻልኩ እወጣለሁ፣ ሲሻለኝ እመለሳለሁ። መውጣት ነውር ነው ያለው ማነው?»

«ታዲያ ድምፅ እንዴት ይታያል?»

«ከመምታትሽ በፊት ክንድሽን ከፍ አድርጊው። እሱን አያለሁ።»

ነጎድጓድ ከበሮውን ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አመጣችና ከቤቱ ጀርባ ተለማመዱ። መጀመሪያ ላይ እናቷ የልብስ ማስጫውን ምሰሶ ጨብጣ፣ ግንባሯን ላብ ችፍ ብሎባት፣ ዓይኗን ከመምቻው ሳትነቅል ትቆም ነበር። አንዳንድ ቀን «ለዛሬ ይብቃን» ብላ ትገባለች። እያደር ግን ምሰሶውን ለቀቀች። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያውም «አሁንስ ጎረቤት ይከሰናል!» ብላ ሳቀች።

አባቷ በመስኮቱ ብቅ አለ። «የምከሳችሁ እኔ ነኝ! ይኸው ጣቴን በመርፌ አስወጋችሁኝ።»

በትምህርት ቤቱ ልምምድ ላይ ክንዷን ከፍ ስታደርግ ያየው የባንዱ መምህር ግን አልሳቀም። «ክንድ ዝቅ! አውሮፕላን ልታሳርፊ ነው እንዴ? ከሌሎቹ እኩል ካልሆንሽ ከበሮውን ሌላ ልጅ ይይዘዋል።»

ልጆቹ አሽካኩ። ነጎድጓድ ምክንያቱን መናገር ትችል ነበር፤ ግን የእናቷን ጉዳይ በሰው ፊት ማውጣት የእሷ ፈንታ አልመሰላትም። «እሺ ቲቸር» አለች።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቷ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሜዳሊያዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ከኋላው በር አጠገብ ቆመች፤ አባቷም ከጎኗ። ማርሹ ሲጀመር የነጎድጓድ ክንድ ወደ ላይ ወጣ። መምህሩ ዓይኑን አጉረጠረጠባት። ሲያጉረጠርጥባት አይታዋለች፤ ግን ክንዷን አላወረደችም። ዱም! እናቷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ገለጠች። አሁንም ቆማለች። ዱም! አሁንም ቆማለች። ነጎድጓድ በኩራት ደረቷ ተነፍቶ የጃኬቷን ቁልፍ ሊበጥሰው ደረሰ።

የማርሹ መጨረሻ የእሷ ብቻ ነው። መለከቶቹ ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ፣ እሷ አንዴ ትመታለች፣ ያልቃል። መለከቶቹ ዝም አሉ። ክንዷን አነሳች። ልክ በዚያች ቅጽበት ከኋላ ተደራርበው የቆሙት የብረት ወንበሮች ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተንኳኩተው ወደቁ።

እናቷ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን የአባቷ እጅጌ ላይ አድርጋ ቁጢጥ አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ልጅ ሳቁ አመለጠው።

«ምቺ!» አለ መምህሩ በከንፈሩ ብቻ።

ብትመታ ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ይመለሳል፤ ማርሹም በሥርዓቱ ያልቃል። ለእናቷ ግን ያ ድምፅ ሳታየው የሚመጣ ሌላ ድንገተኛ ነገር ይሆንባታል። ነጎድጓድ አልመታችም። ክንዷን እንደሰቀለች ቆመች። ክንዷ መዛል ጀመረ። ከፈለጉ ከበሮውን ይውሰዱት፤ እሷ እንደሆነች ትጠብቃለች።

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች፤ በገዛ እግሯም ተነሳች። ቀሚሷን አስተካከለች። በሩን አየችው፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ መድረኩ ዞረች። መምቻውን አየች። አገጯን ቀና አድርጋ ለልጇ ራሷን ነቀነቀችላት።

ነጎድጓድ ባለ በሌለ ኃይሏ መታችው።