ከሰማይ ያልተመለሰው ሞገድ

«ይቺን ክፍተት እዩአት። ማዕበሉ እኛም ጋ ደርሷል» አሉ መምህር ባስልኤል።

ጣታቸው የላፕቶፑን ስክሪን ሊነካ ደርሷል። ሲሄድ የዋለው መስመር መሃል ላይ ተቋርጦ፣ ባዶ ቦታ ትቶ፣ እንደገና ይቀጥላል። ሹክሪያ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ላምያ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

ራዳሩ የቆመው ከቴፒ ካምፓስ ጀርባ፣ ቡናው መሃል ነው። የሬዲዮ ሞገድ ወደ ላይ ይልካል። አውሮፕላን ከማይደርስበት ከፍታ አዮኖስፌር የሚባለው ንብርብር ሞገዱን ይመልሰዋል፤ የተመለሰው ስክሪኑ ላይ መስመር ሆኖ ይሳላል። ዛሬ ከፀሐይ በተነሣ ማዕበል በሰሜን ዋልታ በኩል ሰማዩ አውሮራ በሚባለው ብርሃን ተቀጣጥሏል ተብሏል። ያኔ የቴፒ ሰማይ ምን ይሆናል? መምህሩ ከሳይንስ ክበቡ ሁለቱን ልጆች ስክሪኑን እንዲጠብቁ ያደረጉት ለዚህ ነበር።

ከተማው መብራት ካጣ ሰንብቷል። እንዲህ ሲሆን ጄኔሬተር ወዳለበት የሚሄድ ሰው የጎረቤቱን ስልክ ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ላምያም የሰፈሩን ስልክ በፌስታል ይዛ መጣች። ቀደም ሲል መምህሩ ወጣ ሲሉ፣ ተመላሹን ሞገድ የሚይዘውን የራዳሩን መቀበያና ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅላ ስልኮቹን ሰካች። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ። ሹክሪያ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ቆይታ ዞር ብትል መስመሩ የለም። ሮጣ መቀበያውን መልሳ ሰካችው።

«አዲስ አበባ ላሉት ተመራማሪዎች እልከዋለሁ። ስማችሁም ይገባበታል» አሉ መምህሩ። ፊታቸው በርቷል። ፍላሽ ሊያመጡ ወጡ።

«ቲቸርን እንንገራቸው» አለች ሹክሪያ።

«ባክሽ አታካብጂ። ሰማይ ድረስ ወጥቶ የሚያጣራ አለ?»

«አምነው ይሠሩበታል እኮ።»

«እሺ ንገሪያቸው። ነገ ከማን ጋር እንደምትቀመጪ ግን አስቢበት።»

ሹክሪያ ከአጋሮ ከመጣች ወዲህ ከላምያ በቀር የቀረባት የለም። ከላምያ በፊት የእረፍት ሰዓቷን የምታሳልፈው ቧንቧው ጋ ነበር። ብቸኝነቷ እንዳይታወቅባት፣ ሳይጠማት ደጋግማ ውኃ ትጠጣ ነበር።

መምህሩ ተመልሰው ፍላሹን ሰኩ።

«ቲቸር፣ አይላኩት» አለች ሹክሪያ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሰማዩ አይደለም። መቀበያው ተነቅሎ ነበር።»

እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሱ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ጠቆረ።

«ማነው የነቀለው?»

ሹክሪያ ወደ ላምያ አላየችም። «ጠብቂ የተባልኩት እኔም ነኝ» አለች።

ላምያ ፌስታሏን አነሳች። «እማዬ ትጠብቀኛለች» ብላ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።

መምህሩ ፍላሹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

«ማዕበሉ ገና ይመጣ ይሆናል» አሉ። «ወይም ላይመጣ ይችላል። ብቻሽን ትጠብቂያለሽ?»

«እጠብቃለሁ» አለች። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች።