ሰባሪው አራት

«አራት ይጥፋ የሚል እጁን ያውጣ!» አለ የጌም ቤቱ ባለቤት አሊ።

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ልጆች ተሽቀዳደሙ። ወንጌላዊት ግን ዓይኗ ጓደኛዋ መሳፍንት ላይ ነበር። መጀመሪያ ጭንቅላቱን አከከ፤ ዙሪያውን ቃኘና እሱም እጁን አወጣ። ደሟ ፈላ።

ማሽኑ ሞልቷል። አዲሱ ጌም «ሰባሪው ሰባት» እንዲጫን ከቀድሞዎቹ ክፍሎች አንዱ መጥፋት አለበት። በሌሎቹ ክፍሎች ሰባሪው ያገኘውን ሁሉ እያፈረሰ ያልፋል። በአራተኛው ግን ራሱ ወዳፈረሳቸው መንደሮች ተመልሶ ድልድይ ይሠራል። ሰዎቹ ሲያዩት በራቸውን ይዘጋሉ፤ ሰላም የሚለው እንኳ የለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ጌም የማይሰድብ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ወንጌላዊትና መሳፍንት ግን ክረምቱን ሙሉ አብረው ተጫውተውታል። አንዲት ሴትዮ በሯን ገርበብ አድርጋ ሰባሪውን «ዝናብ አይምታህ፣ ግባ» ያለችው ጊዜ መሳፍንት አልቅሷል። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ቢልም እሷ አይታዋለች። አሁን የቀራቸው የመጨረሻው ድልድይ ብቻ ነው።

«ቆይ ምኑ ነው ደስ የሚልሽ?» አለ የክፍላቸው ልጅ አለበል። «ድንጋይ መሸከም ካማረሽ ኮብልስቶን አለልሽ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መሳፍንትም ሳቀ።

«አንተ!» አለችው ቱግ ብላ። «አንተም ይደብራል ነው የምትለው?»

«ያው... ትንሽ ይደብራል» አለ ጫማውን እያየ።

«በቃ፣ ማታ ስዘጋ አጠፋዋለሁ» አለ አሊ።

ወንጌላዊት በሩን በኃይል ገፍታ ወጣች። መሳፍንት ተከተላት።

«ወንጌ፣ አትናደጂ በናትሽ። እኔ እኮ እወደዋለሁ። ሙድ እንዳይዙብኝ ብዬ ነው። እነሱ ሲሄዱ ገብተን እንጨርሰዋለን፤ ማንም አያየንም።»

«ማንም አያየንም?» አለች ወደ እሱ ዞራ። «አለበል ቢሰድበው ስለማያውቀው ነው። አንተ እኮ ታውቀዋለህ! እያወቅህ ነው እጅህን ያወጣኸው!»

ትታው ተመልሳ ገባች።

«አሊ፣ አራትን ክፈትልኝ። ወረፋው የኔ ነው።»

ልጆቹ አጉረመረሙ። አሊ ትከሻውን ሰብቆ ከፈተላት። የመጨረሻው ድልድይ ግንድ ለአንድ ሰው አይነሳም፤ ሁለት ተጫዋች ይፈልጋል። መሳፍንት ቀስ ብሎ ገብቶ አጠገቧ ቆመና ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሁሉም ያዩታል። ፊቱ ቀልቷል።

ወንጌላዊት አየችው። ንዴቷ አልበረደም። ጆይስቲኩን አንስታ ወደ አለበል ዞረች።

«ተጫውተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ? ሲወራ ነው የሰማሁት።»

«እንካ፣ ያዝ።»

«እየተጫወትኩ መስደብ ይቻላል?»

«ጨርሰህ ስደበው።»

አለበል እየሳቀ ተቀበላት። መሳፍንት እጁን ኪሱ ከተተ፤ ግን አልወጣም። ወንጌላዊት የግንዱን አንድ ጫፍ አነሳችና አለበል ሌላውን ጫፍ እስኪያገኘው ጠበቀችው።