ሰባት ሴንቲሜትር

«ጫማሽን አውልቂና ተረከዝሽን ከግድግዳው አስጠጊ» አለ ብስክሌት ጠጋኙ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያወረደ። «ይቺን መዝገብ በእግሮችሽ መሃል ያዢና እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ሳቢያት። እኔ የደረሰችበት ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ብስክሌት የሚመረጠው በእግር ርዝመት ነው። ቁመት ይዋሻል፣ እግር አይዋሽም።»

አንቴና ጫማዋን አወለቀች። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ሚጢጢ ይህን ቅጽል ስም ካወጣችላት ወዲህ ግን፣ ከቤተሰቧና ስም ከሚጠራው መምህር በቀር በስሟ የሚጠራት የለም። ሚጢጢ የልብ ጓደኛዋ ናት። ቁመቷ ከአንቴና ብብት አያልፍም፣ አፏ ግን የሦስት ሰው ነው። ዛሬም ካልመጣሁ ብላ አንቴናንና አባቷን ተከትላ መጥታ፣ የራሷን ቀይ ብስክሌት ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች።

ሱቁ ውስጥ ካሉት ያገለገሉ የአስፋልት ብስክሌቶች ለአባቷ አቅም የሚሆኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። ዋጋቸው እኩል ነው፤ የሁለቱም ጎማ ቀጭን፣ የሁለቱም መሪ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ቀለሙ ያልተነካ፣ ሲያዩት ደስ የሚል። ሌላው ግራጫ፣ እዚህም እዚያም የተላላጠ፣ ከሰማያዊው በግማሽ ስንዝር ከፍ ያለ። ሚጢጢ ግራጫውን ገና እንዳየችው «እዚህ ላይ ከወጣሽማ ዝናብ ሲጀምር ቀድመሽ ትነግሪናለሽ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። አባቷ እንኳ ፈገግ አለ። አንቴናም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን ቅር አለው።

ስለዚህ ስትለካ ጉልበቶቿን በሰፊው ሱሪዋ ውስጥ በትንሹ አጠፍ አድርጋ መዝገቡንም ላላ አደረገችው። ጠጋኙ ግድግዳው ላይ አሰመረና በሜትር ለካ።

«ሰማንያ አራት» ብሎ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈ። «እንግዲያው ሰማያዊው ነው።»

ሰማያዊው ላይ ወጥታ በሱቁ ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ጉልበቷ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጠጋኙ መቀመጫውን ከፍ አደረገላት፤ አሁንም ከፍ አደረገላት፤ በመጨረሻ ከዚህ በላይ አይወጣም የሚለው ጭረት ላይ ደረሰ።

«ወረቀቱ ልክሽ ነው ይላል» አለ ራሱን እያከከ፣ «ዓይኔ ግን አይደለም እያለኝ ነው። ስሚ ልጄ፣ ረጅም ሰው በትንሽ ብስክሌት በየቀኑ ሲመላለስ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ወገቡን ነው የሚያመው። በወሩ ትተዪዋለሽ። የእውነት ተመችቶሻል?»

«በጣም ተመችቶኛል» አለች፣ በአንድ ዓይኗ ሚጢጢን እያየች።

አዲሱ ትምህርት ቤቷ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ በየቀኑ ታክሲ መሳፈር የማይታሰብ ነው። አባቷ ደግሞ ብስክሌቱን የሚገዛው ጥርሱን ሊታከምበት ባስቀመጠው ገንዘብ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል ብቻ ሲያኝክ ከርሟል። ይህ ብስክሌት ካልሆነ ሌላ እንደማይኖር አንቴና በደንብ ታውቃለች። ጠጋኙ ፍሬኑን አስተካክሎ ነገ ጠዋት ሊያስረክባቸው፣ አባቷም ያኔ ሊከፍል ተስማሙ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት ሲደርሱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። አባቷ ገና ከበሩ «ሰማያዊ ነው! ልክክ ነው ያለላት!» እያለ ጠጋኙ የጻፈባትን ወረቀት እናቷ ፊት አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

እናቷ ወረቀቷን አነበበች። መኪናው ቆመ። የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ከመሳቢያ አወጣችና ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች።

«ባለፈው ወር ሱሪ ስሰፋልሽ የውስጥ እግርሽ ዘጠና አንድ ነበር» አለች። «በአንድ ወር ሰባት ሴንቲሜትር ያጠረ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።»

አንቴና የምትገባበት ጠፋት።

«ስትለኪ ሁልጊዜ ትጎብጫለሽ» አለች እናቷ፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ከአሥር ዓመትሽ ጀምሮ። አንቺ ትቀንሻለሽ፣ እኔ እጨምራለሁ። ለመሆኑ እኔ ሰፍቼልሽ ያጠረሽ ልብስ አለ?»

የለም። አንድም የለም። አንቴና ይህን እስከዛሬ አስባው አለማወቋ ገረማት፤ አፈረችም። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ያላየባት እየመሰላት ስትጎብጥ፣ እናቷ ዝም ብላ ጨርቅ ስትጨምርላት ኖራለች።

«ለአባዬ ልትነግሪው ነው?»

«እኔ?» እናቷ ደብተሩን ዘጋች። «እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። ጨርቅ ቢያጥርሽ የታጠፈውን ጫፍ እለቅልሻለሁ። የብስክሌቱን ብረት ግን ከየት አምጥቼ ልልቀቅልሽ?» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እራት ላይ አባቷ በግራ ጥርሱ ቀስ እያለ እያኘከ ስለ ሰማያዊው ብስክሌት ሲያወራ አመሸ። እሷ ግን ዓይኗን ከጉንጩ አልነቀለችም።

ጠዋት ሱቁ ሲደርሱ ሰማያዊው ተወልውሎ በሩ ላይ ቆሟል። ሚጢጢ ቀድማቸው ደርሳ ደወሉን ታቃጭላለች። አባቷ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«አባዬ፣ አንዴ ቆይ።»

አንቴና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ትናንት ጉልበቴን አጥፌ ነው የተለካሁት። ሰማያዊው አይሆነኝም። ወጥቼ ስሞክረውም አውቄዋለሁ።»

አባቷ የሚቆጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን «ለምን?» ብቻ አለ።

«ግራጫው ላይ ስወጣ ሰው እንዳይስቅብኝ።»

ሚጢጢ ደወሉን ተወችው። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ተመስገን!» አለ ጠጋኙ መዝገቡን እያቀበላት። «እኔ እኮ ዓይኔን ሐኪም ላሳይ ነበር።»

ትናንት የተሰመረው ምልክት ግድግዳው ላይ አለ። አንቴና ተረከዟን አስጠጋች። መጀመሪያ ጉልበቷን ዘረጋች፤ ከዚያ ጀርባዋን፤ ከዚያ አንገቷን። መዝገቡን እስከ መጨረሻው ሳበችው። አባቷ ፊቷን ለማየት ቀና ማለት ነበረበት፤ ቀና ብሎም ቆየ።

«አንቴናዬ…» አለች ሚጢጢ ከበሩ፣ እንደ ትናንቱ ባልሆነ ድምፅ። «ዝናቡ ጀመረ እንዴ?»

«ገና ነው» አለች አንቴና፣ አንገቷን ሳትሰብር። «ሲጀምር እነግርሻለሁ።»

ጠጋኙ ከትናንቱ መስመር በላይ አዲስ መስመር አሰመረ።