የቀለሟ ግራ እግር

ቀለሟ ሞታ የተገኘችው ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ በተከራየችው አዳራሽ ደረጃ ሥር ነው። አንገቷ ተሰብሯል፤ የባሌ ዳንስ ጫማዎቿ እግሯ ላይ በደንብ ታስረዋል። ነቀምት ላይ ባሌ የምታስተምር እሷ ብቻ ነበረች። ሰፈሩ «እግር አጣፊዋ» እያለ ሲስቅባት ስለኖረ፣ ያን ጠዋት አጠገቧ የቆሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። እንዲህም ይሞታል እንግዲህ።

ኢንስፔክተር ሞረዳ ሦስቱን በየተራ ጠየቀ። የአዳራሹ ባለቤት ዋጋሪ ማለዳ በሩን ከፍቶላት እንደ ወትሮው መመለሱን ተናገረ፤ ደረጃው ላይ ያለው የሲሚንቶ ብናኝም ትናንት ግድግዳ ሲያስለስን የቀረ ነው። ከቀለሟ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ቤት የኖረችው ልብስ ሰፊዋ እምነት ከቤት አልወጣሁም አለች። ተማሪዋን ሊሊሴን ግን ትናንት ከመምህሯ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷታል። ነገ አዲስ አበባ የባሌ ፈተና አላት፤ ከታሰረች ያ ዕድል አለቀለት።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ጣቶችሽ ገና አልጠነከሩም ብለውኝ ነው፣ ኦቦ ሞረዳ። በኋላ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ፣ እዚያው እቀራለሁ አሉኝ።»

«የራሳቸውን እግር እንዴት ያጠነክሩ ነበር?»

«ማለዳ፣ ብቻቸውን፣ በባዶ እግር። መጀመሪያ ፎጣ በእግር ጣት መሰብሰብ፣ ከዚያ ላስቲክ በእግር መሳብ፤ ጫማ መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ግን ባዶ እግራቸውን አይተን አናውቅም፤ ያፍሩበት ነበር።»

ሞረዳ ጉልበቱን እያማረረ ፎቅ ላይ ወዳለው አዳራሽ ወጣ። ፎጣው ግማሹ ተሰብስቦ ግማሹ ተዘርግቷል፤ ላስቲኩ ከሚስማሩ አልወረደም። ወርዶ የሟቿን ጫማ ፈታ፣ እግሯንም ጣት በጣት አየ። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበ።

«አዴ ቀለሟ ገና ፎጣው ላይ ነበሩ፤ ጫማ የሚያደርጉበት ሰዓት አልደረሰም» አለ። «የጫማቸው ሶል ንጹህ ነው፣ ውስጥ እግራቸው ግን ሲሚንቶ ለብሷል። ደረጃው ላይ የወጡት በባዶ እግር ነው። ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው ጫማውን አጠለቀላቸው፤ ጫማው አዳለጣቸው እንዲባል።»

ዋጋሪ ሊሊሴን ሰረቅ አድርጎ አያት።

«እሷ አይደለችም። ግራ አውራ ጣታቸው ጠማማ ነው፤ ከቀጣዩ ጣት ጋር እንዳይፋተግ መሃሉ ላይ ጥጥ ተደርጎለታል። ጣቶቹ አቧራ ሆነው ጥጡ ነጭ ነው፤ ስለዚህ እሱም የገባው ከሞቱ በኋላ ነው። ተማሪዋ ያንን እግር አላየችም። ዋጋሪ በር ከፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። ታዲያ ጥጥ እንደሚያስፈልጋቸው ማን ያውቃል?»

እምነት ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።

«ጥለሽኝ አትሂጂ ብዬ ደረጃው ላይ ያዝኳት» አለች። «ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ አልኳት። አስለቅቃኝ ወደ ፎጣዋ ልትመለስ ስትል ገፋኋት።»

«አዴ እምነት፣ ጥጡን ታዲያ ለምን? የሞተ እግር እኮ አያምም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ሃያ ዓመት ሲያማት ነው የማውቀው።»

ሞረዳ ሊሊሴን አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ ብሎ አሰናበታት። ልጅቷ ሄደች፤ አብሯት የሚሄድ ሰው አልነበረም።